ሰላምታ ከእሬቱ በላይ

አንድ ተራ ቀን ኑርሀያትን የሚያስከፍላት ጉልበቷን ነው። ጎህ ሲቀድ እንስራዋን ይዛ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች። መውረዱ ምንም አይደል፤ ቁልቁለት ለሁሉም ዘመድ ነው። ጉዱ መውጣቱ ላይ ነው። እንስራው ጀርባዋን ስለሚወስደው ትንሿን ልጇን ፈዲላን ወደ ደረቷ አዙራ ታነግታትና፣ ከኋላ ውሃ ከፊት ልጅ እየጎተታት ዳገቱን ትያያዘዋለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ለገበሬ ማኅበሩ እርሻ ትወርዳለች፤ ለልጅ ምሳ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ልብስ ለማጠብ ትወርዳለች፤ እርጥቡን ተሸክማ ትወጣለች። እርጥብ ልብስ እንደሆነ ከደረቅ ልጅ ይከብዳል። ሲመሽ ጉልበቷን ቅቤ ካለ በቅቤ፣ ከሌለ በስድብ ታሸዋለች።

ከጎረቤቶቿ መካከል "ይህን ዳገት ያወረሰችን እሷ ናት" የሚሏት አሉ። እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ሜዳው ላይ፣ ከውሃው አፍ ሊሠራ ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት።

ኑርሀያት የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራ ሙዘይንን አገባች። ሙዘይን ሥራ ፍለጋ አሰብ ወርዶ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል፤ በዓመት አንዴ ለዓረፋ ብቅ ይላል። እሷ ከልጇ ጋር ዳገቱ ወገብ ላይ ቀርታ፣ መሠረተ ትምህርት እያስተማረች፣ ያገኘችውን እየዘራች ኖረች። ከአፏ ቃል የማይጠፋ፣ ነገርን ካልጨረሰች የማትተኛ ሴት ናት።

ነገሩ የጀመረው በሰባ ስምንቱ ክረምት ነው። ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከማዶ ያለው ገደል ጎኑን ጥሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ድምፁ ነጎድጓድ ይመስል ስለነበር ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ በክረምት ነጎድጓድ ማን ይደነግጣል? በዚያች ሰዓት የኑርሀያት ታናሽ እህት ኡሙሰልማ ከሐይቁ ዳር ደንገል እያጨደች ነበር። በላይዋ በኩል ባለችው ጉብታ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አለፉ። ወለተ ሥላሴ የኑርሀያት የቅርብ ጎረቤት፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ለእስጢፋኖስ ገዳም ስንዴ የሚፈጩ ሴት ናቸው። ሁለቱ ተያዩና ሰላምታ ጀመሩ።

የእኛን አገር ሰላምታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰው ተጠይቆ አያልቅም። እናት ትጠየቃለች፣ አባት ይጠየቃል፣ ልጆች በየተራ ይጠየቃሉ፣ ጎረቤት፣ ማሽላው፣ ላሚቱ፣ ጥጃዋ። መሃል ላይ አቋርጦ መሄድ ፊት መንሳት ነው፤ ጠብ ያለበት ሰው እንኳ አያደርገውም። ነጎድጓዱን ሁለቱም ሰምተዋል። አንዳቸውም አላቋረጡም። ጥጃዋ ጋ ሲደርሱ ውሃው መጣ።

"ማዕበል ሲሉ ሰምቼ ነበር" ይላሉ ወለተ ሥላሴ፤ "እኔ ያየሁት ግን ግድግዳ ነው። ቆሞ የሚሄድ ግድግዳ።" እሳቸውን ውሃው እስከ ወገብ ሲይዛቸው የሾላ ቅርንጫፍ ጨብጠው ተረፉ። ኡሙሰልማ ከታች ነበረች። ውሃው ሜዳውን አቋርጦ ዳገቱ ሥር ካሉት ቤቶች ግድግዳ ላይ ጭቃውን ለጥፎ ሲመለስ እሷን ይዟት ገባ። ሻሿን ደንገል ላይ ተጠምጥሞ አገኙት። እሷን አላገኟትም። አስከሬን ሳይኖር ተሰገደባት።

በዓመቱ መንደር ምስረታ መጣ። ዳገት ላይ የተበተነው ሰው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ ሜዳው ላይ በቀጥታ መስመር ይሥራ ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሀምዱ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ከላይ ቃል ሲመጣ ጆሮው ከልቡ ይቀድም ነበር። ሕዝቡን ሰብስቦ፣

"ሜዳው ውሃ አለው፣ መንገድ ይገባለታል፣ ትምህርት ቤት ይሠራበታል" አለ። "ከእንግዲህ እናቶቻችን እንስራ ይዘው ዳገት አይወጡም!"

ሴቶቹ እልል አሉ። ኑርሀያትም ትምህርት ቤት የሚለውን ስትሰማ ልቧ ደስ አለው። ቢሆንም እጇን አነሳች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አምና ውሃው የት እንደደረሰ ረሱት?"

"የአምናው አምና አለቀ፣ ኑርሀያት። ገደሉ አንዴ ወድቋል። የወደቀ ገደል ተመልሶ አይወድቅም።"

"የወደቀውማ አይወድቅም። ያልወደቀው ግን እዚያው ቆሟል። ዞር ብለው ይዩት።"

ተሰብሳቢው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ዞሮ ወደ ማዶ አየ። ሀምዱ ብቻ አልዞረም።

"ባልሽ አሰብ ከባሕር አፍ ላይ ያድራል፤ አይፈራም። አንቺ ሐይቅ ትፈሪያለሽ?"

"ባሌ ባሕር ዳር የሚያድረው ደፍሮ አይደለም ጋሽ ሀምዱ። እዚህ ሥራ አጥቶ ነው።"

ሰው ሳቀ። ሀምዱ አልሳቀም። "ስብሰባው ተፈጸመ" አለ።

ከኋላ ቆሞ ይህን ሁሉ የሰማ አንድ ወጣት ነበር። ሙሉጌታ ይባላል፤ የመንደሩን መስመር እንዲያሰምር ከደሴ የተላከ ቀያሽ ነው። በማግስቱ ማለዳ ኑርሀያት ደጅ መጥቶ ቆመ።

"እህቴ፣ ትናንት የተናገርሽው እውነት ነው። እኔም ፈርቻለሁ።"

ግባ ብላ በርጩማ ሰጠችው። እሱም የተማረውን አጫወታት። ባሕር ባላቸው አገሮች ምድር ስትናወጥ ወይም ተራራ ወደ ውሃ ሲናድ ባሕሩ ተነሥቶ የብስ ላይ ይወጣል። ይህን የቀመሱ ሕዝቦች ዳርቻቸውን በካርታ ለይተው ይይዛሉ፤ ውሃው የሚደርስበት፣ ምናልባት የሚደርስበት፣ የማይደርስበት ብለው።

"ካርታው ግን የውሃው ብቻ አይደለም" አላት። "የሰውም ነው። እዚያ ቦታ የሚኖረው ማን ነው? አራስ አለች? ሽማግሌ አለ? ከፍታው ጋ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ አላቸው? ውሃው ትንሽ ሆኖ ደካማ ሰው የበዛበት ቦታ፣ ብዙ ውሃ መጥቶ ሰው ከሌለበት ይልቅ ያስፈራል።"

"ታዲያ ይህን ለሀምዱ ለምን አትነግረውም?"

"ነግሬዋለሁ። ለአለቆቼም ጽፌአለሁ። አንተ መስመርህን አስምር አሉኝ። እኔ ብቻዬን ብጮህ አንድ ቀያሽ ነኝ። አገር ሲናገር ግን ሌላ ነው።"

"እንግዲያው ተነሥ" አለች ኑርሀያት፣ ፈዲላን እያዘለች። "አገሩን እንቀስቅሰው።"

ውሃው የደረሰበትን ማግኘት አላስቸገረም። ግድግዳው ላይ ጭቃው ደርቆ ነበር፤ ግራሩ እሾህ ላይ ደንገል ተሰክቶ ቀርቷል። ያንን እየተከተሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ፤ ሙሉጌታ በመሣሪያው ከፍታውን እያየ፣ ኑርሀያት በየቤቱ የሚኖረው ማን እንደሆነ እየጠየቀች። ያስቸገረው ጊዜው ነበር። ገደሉ ሲጮህና ውሃው ሲመጣ በመካከሉ ምን ያህል ቆየ? ያን ቀን ሰዓት ያሰረ ሰው አልነበረም። አንዱ "ቅጽበት ናት" ይላል፤ ሌላው "ኧረ በሬ ተፈትቶ ይጠመዳል" ይላል።

ወለተ ሥላሴ ከጎን ሆነው ይሰሙ ነበር። በመጨረሻ፣

"እኔ ሰዓት አልነበረኝም" አሉ። "ሰላምታ ግን ነበረኝ። ገና ኡሙሰልማ 'እንዴት ሰነበቱ' ስትለኝ ነው ገደሉ የጮኸው። ውሃው ሲመጣ ጥጃዋ ጋ ደርሰን ነበር።"

ሙሉጌታ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እማማ፣ ያንን ሰላምታ እንዳለ ሊደግሙልን ይችላሉ?"

"እችላለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መቼ አቁሜው አውቃለሁ?"

በማግስቱ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ቤት ይሠራበታል በተባለው ሜዳ ላይ ቆሙ። ወለተ ሥላሴ ሾላው ሥር ቆመው ሰላምታ ሲጀምሩ ሁሉም ወደ ዳገቱ ሊሮጥ፣ ጥጃዋ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ባለበት ሊቆም ተስማሙ።

"ቆይ ቆይ" አሉ ወለተ ሥላሴ። "ሰላምታ ለብቻ አይሆንም። የሚመልስልኝ ማን ነው?"

"እኔ እመልሳለሁ" አለች ኑርሀያት።

"እየሮጥሽ?"

"እየሮጥኩ!"

"እንዴት ሰነበትሽ?" አሉ ወለተ ሥላሴ በሙሉ ድምፃቸው። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተነሡ። "አልሃምዱሊላህ!" አለች ኑርሀያት፤ ፈዲላ ጀርባዋ ላይ እንደ ቅል እየተንገጫገጨች ትስቃለች። "እናትሽ ደህና ናቸው?" "አልሃምዱሊላህ!" "እህትሽስ?" እዚህ ላይ ወለተ ሥላሴ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን አላቆሙም። ኑርሀያትም እግሯ ተሳሰረ፤ ግን አላቆመችም። "አልሃምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች። አንዷ ነጠላዋ ወልቆባት ልታነሳ ተመለሰች፤ "ተይው አንቺ፣ ውሃው ይለብሰዋል!" ብለው ሳቁባት። ማሽላው ተጠየቀ። ላሚቱ ተጠየቀች።

"ጥጃዋስ?"

ሁሉም ቆመ።

ጎረምሶቹ የጭቃውን ምልክት አልፈው ከላይ ቆመዋል። ልጅ ያዘሉት ሴቶች ከምልክቱ በታች ነበሩ። ምርኩዝ የያዙትማ ገና ሜዳው ላይ ነበሩ። ኑርሀያት ምልክቱን ቀና ብላ አየችው፤ ሊጨበጥ የደረሰ ይመስላል። አልደረሰችም። የምትስቅ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቅፋት ቀረች።

ወሬው ሀምዱ ጋ ሲደርስ፣ "ጎረምሶቹ ደረሱ አይደል?" አለ አሉ።

"ጎረምሳ ማንን አዝሎ ያውቃል?" አለች ኑርሀያት።

በዚያው ሰሞን ምልክቱን ተከትለው ከጫፍ እስከ ጫፍ የእንጨት ችካል ተከሉ። ከችካሉ በታች እርሻ እንጂ ቤት የለም ተባባሉ። ጁምዓ ሳይመጣ ግን ችካሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ኑርሀያት ሀምዱን ረገመች። "ዓይኑ ይጥፋ አልልም፣ እጁ ግን ይንቀጥቀጥ" እያለች ወደ ወለተ ሥላሴ ቤት ስትገባ፣ ምድጃው ላይ የሽሮ ድስት ተጥዷል፤ ከሥሩ ጫፉ የተጠረበ እንጨት ይነዳል።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እንጨት ነዋ።"

"ችካላችን ነው!"

"ሰው ሁሉ ሲወስድ አይቼ ነው የኔ ልጅ" አሉ ወለተ ሥላሴ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው። "ደረቅ እንጨት ቆሞ ውሰዱኝ እያለ... እኔ ብተወው ሌላው ያነደዋል ብዬ።"

ኑርሀያት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ሀምዱን ሳምንት ሙሉ በከንቱ ረገምኩት!" አለች። ከዚያ ሽሮውን አብረው በሉ፤ የተቃጠለ ችካል አይተከል።

ችግሩ ገብቷታል፤ ሰው የማይነቅለው ምልክት ያስፈልጋል። ወደ ቤቷ ስትወጣ በመቃብሩ በኩል አለፈች። በእኛ አገር ከመቃብር ራስጌ እሬት ይተከላል። ፍየል አይበላው፣ እሳት አይነድበት፣ በጋ አይገድለው። ነቅሎ የሚወስደውም የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በሰው ራስጌ ላይ እጁን አያነሳም። ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሄደች። ሼሁ በኡሙሰልማ ላይ አስከሬኗ በሌለበት ያሰገዱት ሽማግሌ ናቸው።

"ሼህዬ፣ በመስመሩ ላይ እሬት ልትከል?"

ሼሁ የሚቆጥሩትን ሙሰብሐ አቆሙ። "መቃብር በሌለበት የመቃብር ምልክት መትከል ሰውን ማታለል አይሆንም ወይ?"

"እህቴ መቃብር የላትም" አለች ኑርሀያት። "መቃብሯ ሐይቁ ነው። ውሃው እስከዚያ ድረስ መጥቶ ነው የወሰዳት፤ ራስጌዋ እዚያ ነው። ለማንም ተንኮል አይደለም ሼህዬ። ራስጌዋ ላይ ልተክልላት ነው። ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይጨመርባት።"

ሼሁ ሙሰብሐቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። "የመጀመሪያውን እኔ እተክለዋለሁ" አሉ።

ተከሉት። ከሼሁ ቀጥለው ወለተ ሥላሴ ተከሉ፤ ችካል ያነደደ ሁሉ በእጥፍ እንዲተክል ኑርሀያት ፈረደች፤ ይህ ፍርድ ማንንም አላስቀረም። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆነ።

መሠረት የሚቆፈርበት ቀን ደረሰ። ሀምዱ ሕዝቡን አስወጥቶ፣ ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ከኋላው አሰልፎ መጣ። እሬቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

"ንቀሉት!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወደ አንዱ ጠባቂ ዞሮ ዶማ እያቀበለ "አንተ ንቀል" አለው። ጠባቂው ዶማውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ሐይቁ ያይ ጀመር። ሀምዱ ራሱ ጎንበስ ብሎ አንዱን እሬት ጨበጠ።

"ሀምዱ" አሉ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ከሰው መሃል። "የእናትህን ራስጌ እሬት የተከለው ማን ነበር?"

"...እርስዎ ነዎት።"

"ያ እጅ ነው ይህንንም የተከለው። ንቀለው እንግዲህ።"

ሀምዱ እጁን ለቀቀ። ቀና ሲል ግን እፍረቱ ወደ ቁጣ ዞረ። "ይህ የአንዲት ሴት አድማ ነው!" ብሎ ጣቱን ወደ ኑርሀያት ዘረጋ። "ፀረ-አብዮት ናት! ያዟት!"

ኑርሀያት ፈዲላን አዝላ ወደ ፊት ወጣች።

"እሰሩኝ ጋሽ ሀምዱ። ቤቴን ከእሬቱ በታች አልሠራም። ብትሠሩልኝ አልገባም። ብታስገቡኝ አላድርም። ልጄን ለሐይቅ አላሳድግም።"

የማኅበሩ እህል ማስቀመጫ ውስጥ ከነልጇ ተዘጋባት። ሀምዱ ጥቂት ቀን ብትታሰር ሰው የሚበርድ መስሎት ነበር። ሴቶቹ ግን በየማለዳው ቁርስ ይዘው መጥተው በር ላይ ተሰልፈው ሰላም ይሏታል፤ አንድ በአንድ፣ አንዲትም ሳያጎድሉ። "እንዴት አደርሽ? ልጅሽ እንዴት አደረች? አይጧስ?" "አልሃምዱሊላህ!" ትላለች ከውስጥ። "ጥጃዋስ?" ጠባቂው ጆሮውን ይዞ፣ "ኧረ በአላህ፣ ይህችን ሴት ፍቱልኝ፤ እኔ ነኝ የታሰርኩት!" አለ።

ጁምዓ ዕለት ከስግደት መልስ ሰው ሁሉ ያፈረሰውን ቤት ማገርና ወራጅ ተሸክሞ ወረደ። እሬቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሸክሙን ከእሬቱ በላይ አወረደው። ማንም አልጮኸም፣ ማንም መፈክር አላሰማም። ሙሉጌታ ገመዱን ይዞ መጣና ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ዘረጋ። ሀምዱ ቆሞ አየ። የበላዮቹ የሚመጡበት ቀን ቀርቦበታል፤ እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ ቀጥ ያለ መንደር ነው። በዚያው ምሽት ኑርሀያት ተፈታች።

የበላዮቹ ሲመጡ ሀምዱ ወደ ሜዳው እያመለከተ፣ "ለም አፈር በቤት መያዝ የለበትም ብዬ ለማኅበሩ እርሻ ለቀቅሁት" ሲል ተሰማ። አጨበጨቡለት። ሙሉጌታ ኑርሀያትን አያት።

"ተወው" አለችው። "ሐሳቡን ይውሰድ። ዳገቱን እኔ ወስጄዋለሁ።"

እንግዲህ የዕለት ዋጋዋ ከዚያ የመጣ ነው። ትምህርት ቤቱም ከእሬቱ በላይ ተሠራ፤ ሳር ክዳን ነው፣ ግን ልጆች ይገቡበታል፤ ኑርሀያት ማታ ማታ እናቶቻቸውን ታስተምርበታለች። ውሃው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እንስራ የከበደው ሰው ዳገቱ መሃል ላይ ቆም ብሎ፣ "የታል ውሃሽ?" ይላታል።

"አይምጣ!" ትላለች። "እኔ የተከልኩት እንዲመጣ ነው እንዴ?"

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። በዚያ መንደር ከእሬቱ በታች ሰላምታ የለም። ሜዳው ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ "ላይ" ይባባልና ያልፋል፤ ከእሬቱ በላይ ሲወጡ ቁጭ ብለው ካቆሙበት ይጀምራሉ። ከውጫሌ የሚመጡ ነጋዴዎች ይህን አያውቁምና "የሐይቅ ሰው ኮራ" ብለው ያሟቸዋል። ኑርሀያትን የሚያስጨንቃት ይኼ ነው፤ በባለጌነት መታማት አትወድም። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አለኝ ትላለች፦

"ከሐይቁ ዳር እንስራ ተሸክሜ ብታገኙኝና ፊቴን ባዞር፣ አትቀየሙኝ። እዚያ አታስቁሙኝ፤ እናንተም አትቁሙ። ተከትላችሁኝ ውጡ። እሬቱን ስናልፍ እንስራዬን አወርዳለሁ። ያኔ ስለ እናታችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ፣ ስለ ማሽላችሁ፣ ስለ ጥጃችሁም ሳልቸኩል እጠይቃችኋለሁ። እባካችሁ፣ ከታች ሰላም አትበሉኝ።"